ሚኒቫን፦ በአዝራር አንዳንዴ አይነሳም፣ የኋላው ኤሲ አይቀዘቅዝም፣ አንዱ የጎን በር በኤሌክትሪክ አይከፈትም

ሰባት ወንበር፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ያገለገለ የቤተሰብ ሚኒቫን ነው፦ ሦስት ረድፍ መቀመጫ፣ 3.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ በአዝራር የሚነሳ፣ የጎን በሮቹ በኤሌክትሪክ የሚንሸራተቱ፣ ኤሲው ለሹፌር፣ ለጋቢና ተሳፋሪና ለኋላ ለየብቻ የሚስተካከል። የአጠቃቀም መመሪያው መጽሐፍ ከመኪናው ጋር የለም። ባትሪው በቅርቡ ተፈትቶ በሌላ ተተክቷል።

አዝራሩን ስጫን አንዳንዴ ሞተሩ ሳይነሳ ሬዲዮና ዳሽቦርዱ ብቻ ይበራሉ፤ ደጋግሜ ስሞክር ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ "ቁልፍ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ከፊት ጥሩ ሲቀዘቅዝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚወጣው ነፋስ ለብ ያለ ነው። ዝናብ ሲሆንና መኪናው በሰው ሲሞላ የፊት መስታወቱ ላብ ይይዛል፤ ኤሲ ሲበራም ቶሎ አይጠራም።

የግራው ተንሸራታች በር በእጅ ይከፈታል፣ በአዝራርና በሪሞት ግን እምቢ ይላል። ቀኙ ደህና ነው። የሹፌር መስኮት ቀድሞ አንዴ ሲነካ ሙሉ በሙሉ ይወርድና ይወጣ ነበር፤ አሁን ጣት ሲነሳ ይቆማል። በተጨማሪ የበሮቹን በራስ መቆለፍና የመሳሰሉትን ምርጫዎች ከየት ማስተካከል ይቻላል?

ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ራሴ ላጣራው የምችለውን ብትነግሩኝ።

ባትሪና ገመድ፦

የማስነሻውን እኔ ልመልስ።

አዝራሩ ከፍሬን ፔዳሉ ጋር የተያያዘ ነው። ፍሬን ሳይረገጥ ሲጫኑት በየተራ ይቀያይራል፤ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ሙሉ ዳሽቦርድ፣ ከዚያ ይጠፋል። ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ሆኖ አንዴ ከተጫነ ግን ከየትኛውም ደረጃ በቀጥታ ሞተሩን ያስነሳል። ስለዚህ ሬዲዮና ዳሽቦርድ ብቻ በርቶ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ፍሬኑ መረገጡን አላወቀም ማለት ነው።

ለምን አያውቅም? አንደኛው ምክንያት በጣም ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በፍሬን ሰርቮው (የእግርን ርግጫ በሚያግዘው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ያልቃል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በቀላል ርግጫም ማብሪያው እስከሚያገናኝ ድረስ አይወርድም። ያኔ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው። ሁለተኛው ከፔዳሉ ክንድ በላይ ያለችው የፍሬን ማብሪያ ናት፤ ስትደክም አንዴ ታገናኛለች፣ አንዴ ትስታለች። ለማጣራት ሰው ከኋላ ቁሞ የፍሬን መብራቱን ይመልከት። ፔዳሉ በቀስታ ሲረገጥ መብራቱ ከዘገየ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ማብሪያዋ ትቀየር፤ ጨርሶ ካልበራ ግን መጀመሪያ የፍሬን መብራት ፊውዙን ይዩ።

የቶዮታ ሚኒቫኖች ላይ አዝራሩ ራሱ ይናገራል። ፍሬን ሲረገጥ አረንጓዴ ከበራ ዝግጁ ነው። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካለ መሪው ተቆልፎ አልለቀቀም ማለት ነው፤ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ አዝራሩን ይጫኑ። ቢጫው ብልጭ ድርግም ካለ ሲስተሙ ላይ ብልሽት አለ። እዚያው ላይ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ማስነሻም አለ፦ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ፒ ይሁን፣ አዝራሩን ሬዲዮ ደረጃ ላይ ያድርጉ፣ ከዚያ ፍሬኑን ጠንክረው ረግጠው አዝራሩን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ይህ ጋራዥ ለመድረስ እንጂ ለዕለት ተዕለት አይደለም፤ የፍሬን መብራት የሌለው መኪና ከኋላ ለሚመጣው ሹፌር አደገኛ ነው።

"ቁልፍ አልተገኘም" የሚለው ብዙ ጊዜ የቁልፉ ባትሪ ነው። በአብዛኛው ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፣ ግን አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይግዙ፤ ሲአር1632 የሚይዙም አሉ። ቁልፉን ከስልክ፣ ከሳንቲም ወይም ከሌላ ሪሞት ጋር በአንድ ኪስ ማስቀመጥም ሬዲዮ ሞገዱን ያውካል። ዳሽቦርድ ላይ፣ ወለል ላይ ወይም የጓንት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍንም አንቴናው ሊስት ይችላል።

የቁልፉ ባትሪ ፈጽሞ ቢያልቅም መንገድ አለ። ከቁልፉ ውስጥ የብረቷን ቁልፍ መዝዘው በሩን ይክፈቱ፤ የስርቆት ደወሉ ሊጮህ ይችላል፣ ሞተሩ ሲነሳ ዝም ይላል። ፍሬን ረግጠው የቁልፉን አርማ ያለበትን ጎን ከማስነሻ አዝራሩ ጋር ያስነኩ፣ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ይጫኑ። ይህ የሚሠራው በቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከአዝራሩ ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ኃይል ስለምታገኝ ነው፤ የራሷን ባትሪ አትፈልግም። አንዳንድ አምራቾች ቁልፉ የሚገባበት ጎድጓዳ ስፍራ ሠርተውለታል፣ የስኒ ማስቀመጫው አካባቢ ይፈልጉት።

ሞተሩ ሲነሳ ነዳጅ መስጫውን አይንኩ፣ አዝራሩንም ይዘው መቆየት አያስፈልግም፤ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ኮምፒውተሩ ራሱ እስኪነሳ ያዞረዋል። በሪሞት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ በሮቹና ኮፈኑ ካልተዘጉ፣ ማርሹ ፒ ላይ ካልሆነ አይነሳም። በብዙ ሞዴሎች 10 ወይም 15 ደቂቃ ሠርቶ ራሱ ይጠፋል። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

አንድ ሁሉም የቤተሰብ አሽከርካሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፦ በጉዞ ላይ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ከሆነ በቶዮታ አዝራሩን ከ2 ሰከንድ በላይ ተጭኖ መያዝ፣ ወይም 3 ጊዜ በተከታታይ መጫን ነው። አንዴ መንካት አያጠፋም። ከዚያ በኋላ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል።

ነፋስ ማውጫ፦

የኋላው ኤሲ ከፊት የሚተርፍ ነፋስ አይደለም። የራሱ ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል)፣ የራሱ ማሞቂያ ራዲያተርና የራሱ ፋን አለው፤ ብዙውን ጊዜ በኋላ ጎን፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጀርባ ተቀምጦ በጣሪያው ቱቦዎች ይነፍሳል። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርና ጋዙ ግን የጋራ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቅንብሩ ነው።

ከፊት ፓነሉ ላይ "ሪር" የሚለውን ተጫንና የኋላው ዲግሪ ስንት ላይ እንዳለ እይ። ሦስተኛ ዞን ለብቻው 28 ወይም 30 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ማዞሪያውን ነክቶት ይሆናል። ያኔ የኋላው ክፍል የሞተሩን የፈላ ውኃ ተጠቅሞ አየሩን ያሞቃል፣ ማለትም የታዘዘውን ነው የሚሠራው። "ሲንክ" ሲበራ ሦስቱም ዞኖች የሹፌሩን ዲግሪ ይከተላሉ፤ ለሙከራ እሱን አብራ። የኋላው ፓነል እንዳይነካ ከፈለግህ ከፊት "ሪር ሎክ" የሚል አለ። በመጨረሻ የጣሪያው አየር ማውጫዎች ተዘግተው እንደሆነ አንድ በአንድ በእጅህ ዳስስ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ጋዙ ነው። ባለ ሁለት ኢቫፖሬተር መኪና የሚይዘው የጋዝ መጠን የፊት ብቻ ካለው በግልጽ ይበልጣል። ጋዝ የሚሞላው ባለሙያ በልምድ በግምት ከሞላው ከፊት ይቀዘቅዛል፣ ከኋላ ግን ለብ ይላል። ትክክለኛው ግራም ከኮፈኑ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል፤ የጋዙ ዓይነትም፣ አር134ኤ ነው ወይስ አር1234ዋይኤፍ፣ እዚያው አለ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ትክክለኛው አሠራር አሮጌውን በማሽን አውጥቶ፣ ቫኪዩም ስቦ፣ በሚዛን መሙላት ነው። በማኖሜትር ግፊት ብቻ እያዩ መጨመር ለዚህ ዓይነት መኪና አይበቃም።

ሌላው ደካማ ቦታ ከሥር ነው። ወደ ኋላ የሚሄዱት የኤሲ ቱቦዎች በመኪናው ሆድ በኩል ያልፋሉ፣ ጭቃና ጨው ይበላቸዋል። መኪናው ከፍ ሲል ቱቦዎቹን ተከተል፤ አቧራ የጠጣ ዘይታማ ቦታ ካየህ ጋዙ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ይወጣልና። በአንጻሩ ከጋቢና በታች የሚንጠባጠብ ንጹህ ውኃ ጤናማ ነው፣ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው።

ስለ መስታወቱ። ላብ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የውስጥ አየር ማዞሪያው በርቶ ስለሚቀር ነው፤ ቀስቱ መኪናው ውስጥ የሚጠቀለልበት ምስል ያለው አዝራር። ሰባት ሰው የሚተነፍሰው እርጥበት እዚያው ይዞራል። የፊት መስታወት ማጥሪያውን ስትጫን በብዙ መኪና ኤሲው በራሱ ይበራል፣ አየሩም ከውጭ መግባት ይጀምራል። ዲግሪውን ወደ ላይ አድርግ እንጂ አታውርደው፦ ኤሲው እርጥበቱን ያወጣል፣ ማሞቂያው የደረቀውን አየር ያሞቀዋል፣ ሞቃትና ደረቅ አየር ነው መስታወቱን የሚጠርገው። ሞቃትና እርጥበታማ ቀን ላይ ቀዝቃዛ አየር መስታወቱ ላይ ከለቀቅህ ደግሞ ላቡ ከውጭ በኩል ይይዛል፤ በዝናብ መጥረጊያው ጥረግና ዲግሪውን ጨምር።

ማጥሪያው በርቶም ከዘገየ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ያለውን የአየር ፊልትሮ አውጣ። በዓመት አንዴ ወይም ከ15,000 እስከ 25,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል፣ አቧራ በበዛበት ቀደም ብሎ። አዲሱ ላይ ያለው ቀስት የነፋሱን አቅጣጫ ይከተል። የወለሉን ምንጣፍም አንሥተህ ዳስስ፤ ከረጠበ መስታወቱ መቼም አይጠራም። ከተሳፋሪው እግር ሥር ረጥቦ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ መስታወቱ ላይም የቅባት ዓይነት ሽፋን ከተወ፣ የማሞቂያው ራዲያተር ያፈሳል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ዳገት ወጪ፦

ለኋላው ቀላል ዘዴ አለ። ዲግሪውን እስከ መጨረሻው "ሎ" አድርጉት፣ ፋኑን ሙሉ፣ የውስጥ አየር ማዞሪያውን አብሩ። ኋላም ሳይወድ ይቀዘቅዛል።

ነፋስ ማውጫ፦

ዳገት ወጪ፣ በዚህ አልስማማም። "አውቶ" ላይ 22 ወይም 23 ቢደረግና "ሎ" ቢደረግ የመጀመሪያው ቅዝቃዜ እኩል ነው፤ መኪናው ከጋለ "አውቶ" ራሱ ኮምፕረሰሩንም ፋኑንም እስከ ጫፍ ይወስዳቸዋል። ልዩነቱ በኋላ ይመጣል፦ "ሎ" አይቀንስም፣ ፊት ያሉት ይበርዳቸዋል፣ ሹፌሩ ፋኑን ያጠፋል፣ ኋላ ያሉት ደግሞ እንደገና ይሞቃቸዋል።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሲሆን መጀመሪያ በሮቹን ክፈቱ፣ መስኮቶቹን ትንሽ አውርዳችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ፣ የጋለው አየር ይውጣ። ከዚያ መስኮት ዝጉና የውስጥ አየር ማዞሪያውን አብሩ። ከበረደ በኋላ ወደ ውጭ አየር መልሱት፤ በተዘጋ አየር ረጅም መንገድ መሄድ ሹፌሩን ያደነዝዘዋል።

"አውቶ" በትክክል እንዲሠራ ሁለት ነገሮች አይሸፈኑ። አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለችው ጥቁር ጉብታ ናት፣ የፀሐይ ብርሃንን ትለካለች። ሌላው ከመሪው አጠገብ ያለ ትንሽ ወንፊት ነው፤ የጋቢናውን አየር እየሳበ ሙቀቱን ይለካል። ኤሲው በርቶ ቁራጭ ሶፍት አስጠጉለት፤ ስቦ ካጣበቀው ይሠራል፣ ከወደቀ ግን መሳቢያው ተደፍኗል ወይም ቱቦው ወልቋል። ያኔ "አውቶ" የሚወስነው በተሳሳተ ሙቀት ነው።

ሲቆም የሚሞቅ፣ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ኤሲ ካላችሁ የኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው) ፋን ነው የሚታየው። ሲበራ የሻጋታ ሽታ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ከመድረሳችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ኤሲውን አጥፍታችሁ ፋኑን ተዉት፣ ኢቫፖሬተሩ ይድረቅ።

የጎን በር፦

በሩ ላይ እንመለስ። ቀኙ ስለሚሠራ ለሁለቱም በሮች የሚሆነው ዋናው ማብሪያ አልጠፋም። የነዳጅ ክዳን ባለበት ጎን ያለው በር ክዳኑ ክፍት ሲሆን እንዳይከፈት የሚያግድ ቅንብር ብዙ ሚኒቫኖች አላቸው፤ ግን በእጅ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ከሆነ እሱም አይመስልም። የልጆች መቆለፊያው የሚያግደው የውስጡን እጀታ ብቻ ነው። የቀረው፣ ባትሪው ሲፈታ በሩ ያለበትን ቦታ መርሳቱ ነው። ማርሽ ፒ ላይ ይሁን፣ በሩን በእጅ ገፍተው እስከ መጨረሻው ይዝጉት፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ሚሊ ሜትር የበሩ ሞተር ራሱ ጎትቶ "ጥጥ" ሲያደርግ ይሰማል። ከዚያ በአዝራሩ ይሞክሩት።

ካልሆነ ጆሮዎን ያስጠጉ። ሲጫኑት ምንም ድምፅ ከሌለ የዚያኛው በር ፊውዝ ነው የሚታየው፤ ብዙ ጊዜ ለየበሩ ለየብቻ ነው። ሞተሩ ጮሆ በሩ ካልተነቃነቀ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ የሚጎትተው የብረት ገመድ ተበጣጥሷል፤ ያኔ በዋናው ማብሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው እስኪጠገን በእጅ ይጠቀሙ። ግማሽ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የታችኛውንና የመሐከለኛውን ሐዲድ ያጽዱ። ጠጠርና ፍርፋሪ መንኮራኩሩን ሲያግደው በሩ ሰው የያዘ መስሎት ይመለሳል። ከጸዳ በኋላ ሲሊኮን ስፕሬይ ስስ አድርገው፤ ወፍራም ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። ቁልቁለት ላይ በእጅ ሲከፈት በሩ በክብደቱ ሊሮጥ ስለሚችል መጨረሻው ድረስ ተይዞ ይሂድ፣ ሕፃናት በተለይ ይራቁ።

መስኮቱ ተመሳሳይ ነገር ነው። ሞተሩ ተነሥቶ መስኮቱን ሙሉ አውርደው ማብሪያውን ተጭነው ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ፣ ከዚያ ሙሉ ዘግተው ወደ ላይ እንደያዙ እስከ 6 ሰከንድ ያቆዩት። አንዴ በመንካት መሥራት ይመለሳል። እስከዚያው ድረስ እጅ ሲነካው የሚመለሰው መከላከያም ላይሠራ ይችላልና ልጆች መስኮቱ ላይ አይደገፉ።

ምርጫዎቹ መኪናው ቆሞ ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ በመሪው ላይ ባሉት ቀስቶች በዳሽቦርዱ ስክሪን ወይም በመሐከለኛው ስክሪን "ሴቲንግ" ውስጥ። ለቤተሰብ መኪና የምመክረው፦ በሮች ማርሽ ከፒ ሲወጣ ይቆለፉ፣ ፒ ሲገባ ግን የሹፌር በር ብቻ ይከፈት፤ የኋላዎቹን ሹፌሩ ወርዶ መንገዱን አይቶ ይክፈታቸው። ሪሞቱም አንዴ ሲጫን የሹፌርን፣ ሁለቴ ሲጫን ሁሉንም እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። በሪሞት ተከፍቶ ማንም በር ካልተከፈተ በ60 ሰከንድ ውስጥ መልሶ መቆለፉ በብዙ ሞዴል ጤናማ ነው። የመቀመጫ ማስታወሻ ካለው መቀመጫና ስፖኪዮ አስተካክለው "ሴት"ን ይንኩ፣ ወዲያው 1ን ወይም 2ን ይጫኑ። ወደ ኋላ ሲሄዱ ስፖኪዮው ወደ ታች እንዲያይ ከፈለጉ በብዙዎቹ የመስታወት መምረጫው ግራ ወይም ቀኝ ላይ መሆን አለበት፤ መሐል ላይ ከሆነ አይነቃነቅም።

ሰባት ወንበር፦

አመሰግናለሁ፣ ብዙው ተፈታ። በሩ በእጅ ተገፍቶ ከተዘጋ በኋላ በአዝራር ከፈተ፣ መስኮቱም ተመለሰ። የኋላው ዞን 29 ላይ ነበር፤ "ሲንክ" ላይ ሲሆን ቀዘቀዘ፣ ከፊተኛው ግን አሁንም ይሰንፋል። የፍሬን መብራቱ ያለ መዘግየት ይበራል። የባትሪው ልኬት፦ አድሮ 12.2 ቮልት፣ ሲነሳ እስከ 9.4 ወርዶ፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.3። ጠዋት ላይ አንዳንዴ "ጠጠጠጠ" ይልና አይነሳም። አዲስ ባትሪ ሆኖ ይህ ለምን ይሆናል?

ባትሪና ገመድ፦

14.3 ማለት ዲናሞው ደህና ነው። 12.2 ግን ባትሪው ግማሽ ያህል ብቻ መሞላቱን ያሳያል፤ ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ ነው። ሲነሳም ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ፈጣኑ "ጠጠጠጠ" ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ (ሶሌኖይድ) ኃይል አጥሮት ሲይዝና ሲለቅ ነው፤ አንድ ጠንካራ "ጠቅ" ብቻ ቢሆን ሞተሪኖውን እጠረጥር ነበር። የኤሌክትሪክ በርም ቮልቱ ሲወርድ ሥራ ያቆማል፤ በሩ ዳግም ካስቸገረ ይህን ያስታውሱ።

በውጭ ቻርጀር ሙሉ ለሙሉ ይሙሉት፣ አሳድረው ዳግም ይለኩ። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በዲናሞ ብቻ አይሞላም። ሞልቶ አድሮ ከወረደ የሚጠጣ ነገር አለ። በሮቹን ቆልፈው፣ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው አምፔሩን ይለኩ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር መብለጥ የለበትም። ሚኒቫን ላይ የተለመዱት ጠጪዎች የሦስተኛ ረድፍ ንባብ መብራት፣ ሶኬት ላይ የቀረ ቻርጀርና የኋላ ስክሪን ናቸው። ባትሪው በቅርቡ ስለተቀየረ ማሰሪያዎቹንም ይፈትሹ፦ ሌላ ሰው ሲያስነሳ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን በማሰሪያው ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ቆሽሿል።

በሌላ መኪና ማስነሳት ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ቀዩ መጀመሪያ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፉ ከጤነኛው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩ ከጤነኛው ኔጌቲቭ፣ ሌላው ጫፉ ከደከመው መኪና ሞተር ላይ ቀለም የሌለው ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። የመጨረሻው ግንኙነት ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው ከባትሪው የሚርቀው፣ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ይተነፍሳል። ጤነኛው መኪና ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ የእርስዎን ያስነሱ፤ ሲፈታ በተቃራኒው።

ነፋስ ማውጫ፦

"ሲንክ" ላይ ሆኖ የሚሰንፈው ጋዝ ነው የሚመስለው። ቴርሞሜትር ከፊት መሐከለኛው ማውጫ፣ ሌላ ከጣሪያው ማውጫ አስገባ፤ የውስጥ አየር ማዞሪያ በርቶ፣ ሁለቱም ፋኖች እኩል ሆነው ለ10 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ፊቱ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ውስጥ ሆኖ ኋላው በብዙ ከበለጠው፣ ጋዝ የሚሞላው ባለሙያ የኮፈኑን ተለጣፊ አይቶ በሚዛን እንዲሞላ ንገረው፤ ከመሙላቱ በፊትም ወደ ኋላ የሚሄዱትን ቱቦዎች ከሥር ይመልከት።